«ለራሴ ደህንነት ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሟል፤ ታዲያ ኃላፊው ማን ነው?

ጥያቄ፦ 22 ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ፤ በርና ቁምሳጥን እንሠራለን። ባለፈው ወር አንድ ጎበዝ ባለሙያዬ በጠረጴዛ መጋዝ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆረጠ። የመጋዙን መከለያ የፈታው ራሱ ነው፤ ቦይ (በእንጨቱ ላይ የሚቦረቦር ጎድጓዳ መስመር) ለማውጣት ፈትቶት ሳይመልሰው ከወር በላይ ሆኖታል። ሥራ ሲጀምር «ለራሴ ደህንነት ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚል ቅጽ ላይ ፈርሟል። ለሁሉም ጓንትና ማስክ ገዝቻለሁ፤ አይለብሱም። የጠፋባቸውን ዋጋ ከደመወዝ እቆርጣለሁ። የሚከፈላቸው በሠሩት በር ቁጥር ነው። ቫርኒሽ የሚቀባው የኮንትራት ሰው እንጂ የእኔ ሠራተኛ አይደለም። የኋላውን በር ጣውላ ስለሚሰረቅ እቆልፈዋለሁ። አንድ ወዳጄ «ይህ ሁሉ ባንተ ላይ ነው የሚመጣው» ብሎ አስደነገጠኝ። እውነቱን ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር? የተጎዳውን ልጅስ ላሰናብተው ወይስ ልመልሰው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ወዳጅዎ እውነቱን ነው የነገሩዎት። ያ ቅጽ አያድንዎትም። እንዲያውም አደጋው መኖሩን አስቀድመው ያውቁ እንደነበር፣ ያደረጉትም ነገር ወረቀት ማስፈረም ብቻ እንደሆነ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ይሁን እንጂ አይቅደዱት፤ ከጉዳት በኋላ ሰነድ ማጥፋት ከቅጹ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንንም አያስፈርሙበት።

የትኛው ማሽን እንደሚገዛ፣ የት እንደሚተከል፣ ማን እንደሚሠራበት፣ በቀን ስንት በር መውጣት እንዳለበት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ውሳኔው በእጁ የሆነ ሰው ግዴታውም በእጁ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 16 የሚለው ይህንኑ ነው፦ አሠሪው በቁጥጥሩ ሥር ያሉት የሥራ ቦታ፣ ማሽን፣ መሣሪያና የአሠራር ሂደት በተቻለ መጠን አደጋ የሌለባቸው መሆናቸውን ማረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ሠራተኛውም የመተባበር፣ የተሰጠውን መመሪያ የመከተልና አደጋ ሲያይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያ ግዴታ ግን በእርስዎ ላይ የሚጨመር እንጂ የእርስዎን የሚተካ አይደለም። የጉዳት ማሳወቂያው ጊዜና የካሣው አከፋፈል ከአገር አገር ይለያያል። ጊዜው ብዙ ቦታ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ጉዳቱን ለሚመለከተው የሥራ ተቆጣጣሪ አካልና ለመድን ሰጪዎ ገና ካላሳወቁ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ይደውሉ።

አሁን ወደ መከለያው። «ራሱ ነው የፈታው» ይላሉ። አደጋውን የሚመረምር ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ለምን ፈታው? ከወር በላይ ተፈትቶ ሲቆይ በየቀኑ በዚያ ያልፍ የነበረው ፎርማን ምን አለ? መልሱን ደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል። ልጁ ቦይ ማውጣት ነበረበት። ብዙዎቹ የጠረጴዛ መጋዞች ላይ መከለያው የተገጠመው ከስለቱ ጀርባ ባለው መለያያ ብረት ላይ ስለሆነ፣ እንጨቱን ጨርሶ የማይሰነጥቅ ቆረጣ ላይ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ይፈታል። መልሶ ለመግጠምና ለማስተካከል ደቂቃዎች ይፈጃል፤ በበር ቁጥር የሚከፈለው ሰው እነዚያን ደቂቃዎች የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ሰውየው ሰነፍ ወይም ግድየለሽ ስለሆነ አይደለም፤ የእርስዎ የአከፋፈል ስልት መከለያውን ላለመመለስ ነው የሚከፍለው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቦይ ሥራውን ከዚያ መጋዝ ላይ ያንሱ፤ በትክክል ተከልሎ ለቦይ በተዘጋጀ ማሽን ይሠራ። ካልሆነም ከመለያያው ተነጥሎ ከላይ ወይም ከጎን በክንድ የሚያዝ መከለያ ያስገጥሙ፤ እሱ በቦይ ሥራም ጊዜ ቦታው ላይ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ማሽን የማስተካከያ፣ ስለት የመቀየሪያና የማጽጃ ጊዜን ከበር ቁጥሩ አውጥተው በሰዓት ይክፈሉ። ይህ ሁለተኛው ገንዘብ የሚጠይቅ ስለሆነ ብዙ አሠሪዎች ይዘሉታል። ሲዘሉት መከለያው በወሩ ተመልሶ ይፈታል።

መጋዙ እንደገና ከመነሳቱ በፊት የሚስተካከሉ ልኮች አሉ። መለያያው ብረት ከስለቱ ጥርስ ጋር ያለው ክፍተት በጠረጴዛው ከፍታ ላይ ከ8 ሚሊሜትር አይብለጥ። የመለያያው ሥራ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ስለቱን እንዳይጨብጥ ማድረግ ነው። እንጨቱ ስለቱን ሲጨብጥ የኋለኞቹ ጥርሶች አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል፤ ያን ጊዜ እንጨቱን የያዘ እጅ ወደ ስለቱ ይሳባል። ብዙ ጣት የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ መከለያ ኖሮ መለያያ ከሌለ ግማሽ ጥበቃ ነው ያለዎት። የመከለያው የፊት ጠርዝ ከሚቆረጠው እንጨት ገጽ በላይ ከ12 ሚሊሜትር አይራቅ፤ ማለት ውፍረቱ በተቀየረ ቁጥር ከፍታው ይስተካከላል። የመግፊያ በትሩ ቢያንስ 450 ሚሊሜትር ይርዘም፤ ቁራጩ ከ300 ሚሊሜትር ካጠረ፣ ወይም የረጅሙ እንጨት የመጨረሻ 300 ሚሊሜትር ላይ ሲደረስ፣ የሚገፋው በትሩ እንጂ እጅ አይደለም። በትሩ ማሽኑ ላይ ባለ ማንጠልጠያ ይቀመጥ። ወለል ላይ የተጣለ በትር ማንም አጎንብሶ አያነሳም። ቁራጭ እንጨትን ስለቱ እየዞረ በእጅ መልቀም ክልክል ይሁን።

ሁለት ነገር ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ይፈትሹ። መብራት ሄዶ ሲመጣ መጋዙ በራሱ መነሳት የለበትም፤ ማብሪያው እንደገና ሲጫን ብቻ የሚነሳ ይሁን። ሲጠፋ ደግሞ ስለቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ፍሬን ያስፈልገዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ በዝምታ የሚዞር ስለት ሰው የቆመ ይመስለዋል። በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች የሚሰኩበት መስመር 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የፍሳሽ ኤሌክትሪክ መከላከያ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚያቋርጥ) ይኑረው፤ የመሞከሪያ ቁልፉም በየጊዜው እየተጫነ ይሞከር።

ስለ ጓንቱ የምንልዎት ሳያስደነግጥዎት አይቀርም፦ በመጋዙ ላይ ያልለበሱት ልክ ናቸው። የሚዞር ስለት፣ የቁፋሮ ማሽን ወይም የመላጊያ ሮለር አጠገብ ጓንት አይለበስም። ባዶ ጣትን የሚጭረው ስለት የጓንቱን ጨርቅ ይይዝና ሙሉ እጅን ይስባል። ጓንት ሻካራ ጣውላ ለማውረድና ቲነር ለመንካት ነው፤ ለቲነሩም ቢሆን የጨርቁ ሳይሆን ኬሚካል የማያሳልፈው ዓይነት። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ የላላ እጅጌ፣ የተንጠለጠለ የአንገት ልብስም ከማሽን ይራቁ። «መከላከያ ሰጥቻለሁ» የሚለው ቃል የሚያወላዳው ለሥራው የሚስማማውን ከሰጡ ብቻ ነው።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ የመከላከያ ዕቃ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሚገባ ነገር መሆኑን እናስምርበት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካልተቻለ በቀለለ ነገር መተካት፤ ከዚያ በመከለያ፣ በመምጠጫ፣ በአጥር መለየት፤ ከዚያ በአሠራር ሥርዓትና በሥልጠና መቀነስ፤ የቀረውን በመነጽር፣ በማስክና በጆሮ መከላከያ መሸፈን። ከላይ ያሉት ሰው ቢዘነጋም ይሠራሉ። ከታች ያለው ሰውየው ባስታወሰ፣ በትክክል ባጠለቀና ባልሰለቸ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። እርስዎ የጀመሩት ከታች ነው። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ከደመወዝ መቁረጡን ያቁሙ፤ የቆረጡትንም ይመልሱ። የዚያው ስምምነት አንቀጽ 21 የደህንነትና የጤንነት እርምጃዎች ሠራተኛውን ምንም ወጪ ሊያስወጡት እንደማይገባ ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር አሠራሩ ራሱን ይመታል፤ ማስክ መጥፋቱ ገንዘብ የሚያስቆርጥ ከሆነ ሠራተኛው ማስኩን ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል እንጂ አያደርገውም። በተመሳሳይ ምክንያት «አደጋ ላልደረሰበት ወር ጉርሻ» የሚባለውን ነገርም አይሞክሩት። አደጋውን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሚነገረውን ነው።

ማስኩ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፉልንም። የሐኪም ቤቱ ስስ ማስክ ወይም ጨርቅ ከሆነ ለእንጨት ብናኝ አይሆንም። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያስገባው ሲሆን፣ የሚያጠቃውም በተለይ አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው። አስምም ያመጣል። ቢያንስ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ደረጃ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ፊት ላይ ልጥፍ ካላለና ጺም መካከል ከገባ ግን እሱም አየሩን በጎን ነው የሚያስገባው። የቫርኒሽና የቲነር ትነት ደግሞ በብናኝ ማስክ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ለእሱ የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ማጣሪያው ያረጃል፤ የመቀየሪያው ቀን ይመዝገብ። ሽታው እስኪመጣ መጠበቅ ማለት መርዙ ከገባ በኋላ መቀየር ማለት ነው።

ከማስኩ በፊት ግን መምጠጫው ይቅደም። እዚህ ላይ በየእንጨት ሥራ ቤቱ የሚታይ አንድ ስህተት አለ፦ ቱቦው ከማሽኑ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ አቧራው አየር ላይ ይቀራል። የመምጠጥ ኃይል በርቀት እጅግ በፍጥነት ነው የሚሞተው፤ ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት ያህል ሲርቁ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። የቱቦው አፍ ስፋት 100 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 100 ሚሊሜትር ርቆ የሚነሳን ብናኝ በአሥረኛ ኃይል ነው የሚስበው፤ ግማሽ ሜትር ከራቀ ለጌጥ ተሰቅሏል። ስለዚህ አፉ ብናኙ ከሚነሳበት ቦታ ጋር ይጠጋ፤ ማሽኑ መውጫ ካለው ከዚያው ጋር ይገናኝ። ለመፈተሽ ክፍሉን አጨልመው ጠንካራ ባትሪ በአቧራው ውስጥ አሳልፈው ያብሩ፤ እርስዎ ብርሃኑን ፊት ለፊት ሆነው፣ ቀጥታ ዓይንዎ ላይ እንዳያርፍ ተከልለው ይመልከቱ። በተለመደው ብርሃን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ወዴት እንደሚሄድ ይታይዎታል። ደረቅ መጥረግና በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ይቁም፤ ሁለቱም የተቀመጠውን ብናኝ መልሰው ወደ ሳንባ ይልኩታል። በአየር ላይ የተበተነ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ደግሞ ብልጭታ ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል፤ በጣሪያ ተሸካሚዎችና በመብራቶች ላይ የተጠራቀመውም በቫኪዩም ይጽዳ። ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረትና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) የሚቆርጡ ከሆነ ብናኙ ይበልጥ ደቃቅ ነው፤ ማጣበቂያውም አብሮ ይመጣል።

ቫርኒሽ ቀቢው የእርስዎ ሠራተኛ ባይሆንም ግቢው የእርስዎ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ድርጅቶች ሲሠሩ እንዲተባበሩ ያው ስምምነት በአንቀጽ 17 ያስገድዳል። በተግባር ይህ ማለት እሱ ቲነር በሚረጭበት ሰዓት የእርስዎ ሰው በአጠገቡ በግራይንደር ብልጭታ እንዳያወጣ፣ ቀቢውም መውጫው የት እንደሆነ እንዲያውቅ፣ ማን ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይወሰናል ማለት ነው። ከአቅራቢው የእያንዳንዱን ኬሚካል የደህንነት መረጃ ሰነድ ይጠይቁ። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ክፍል 2 አደጋውን፣ 4 የመጀመሪያ ዕርዳታውን፣ 5 የእሳት ማጥፊያውን፣ 8 የመከላከያ ዕቃውን ዓይነት ይነግርዎታል፤ እነዚህን አራቱን አውጥተው ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ቲነር በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀዳ። የተልባ ዘይት ወይም ዘይት ያለበት ማለስለሻ የነካ ጨርቅ ተጨፍልቆ ከተከመረ በራሱ ሞቆ ይነዳል፤ ውሃ ባለበትና ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይጣል።

ድምፅን በአጭሩ እንለፈው። በሁለት ሜትር ርቀት ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ 85 ዲሲቤል አካባቢ ደርሷል፤ ይህ በቀን ስምንት ሰዓት ለመቆየት ብዙዎች እንደ ወሰን የሚይዙት ልክ ነው። በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት። ጆሮ የሞተውን አይመልስም። የጆሮ መከላከያ ሲገዙ እጅግ አፋኙን አይምረጡ፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ድምፅ ከ70 በታች ከወረደ ሰው የማስጠንቀቂያ ጩኸትም ስለማይሰማ አውልቆ ይጥለዋል።

የኋላው በር ዛሬውኑ ይከፈት። በዚህ ላይ ቀጠሮ የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሳው እሳት 146 ሰዎች ሞተዋል፤ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞች ዕቃ ይዘው እንዳይወጡ በሚል። እርስዎ ዘንድ ያለው ጣውላ፣ ብናኝና ቲነር ደግሞ ከጨርቅ የሚያንስ ማገዶ አይደለም። ስርቆቱን በሌላ መንገድ ይከላከሉ፦ ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በአንድ ግፊት የሚከፈት በር፣ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ያለው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ፊቱ ላይ ጣውላ አይደገፍበት። ለኤሌክትሪክ እሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለቲነርና ለቫርኒሽ የአረፋ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ይቀመጥ፤ በሁለቱም ላይ ውሃ አይደፋ። የማጥፊያው ግፊት መለኪያ አረንጓዴ ላይ መሆኑን በየወሩ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው ይየው። ግፊት መለኪያ የሌለው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ በክብደት ነው የሚፈተሸው።

ሌላው ከጣት የሚብስ አደጋ ስለት ሲቀየርና ማሽን ውስጥ ሲጸዳ የሚደርሰው ነው፤ አንዱ ውስጡን ሲያጸዳ ሌላው ሳያይ ያበራዋል። ማጥፋት አይበቃም። በማሽኑ የሚሠሩት ሁሉ ይነገራቸው፤ ማሽኑ ይጥፋ፤ ከቦርዱ ላይ ዋናው መቁረጫ ይውረድ፤ ጥገናውን የሚሠራው ሰው በራሱ ቁልፍ ይቆልፈው፤ ሁለት ሰው ከሆነ ሁለት ቁልፍ፤ የታመቀ አየር ካለ ይለቀቅ፤ የሚዞረው ሁሉ ይቁም። ከዚያ ማብሪያው ተጭኖ በእርግጥ እንደማይነሳ ይሞከር። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ነው ብዙውን ጊዜ የሚረሳው፤ የተሳሳተ መቁረጫ ወርዶ እንደሆነ የሚያጋልጠውም እሱ ብቻ ነው። ቁልፉን የሚከፍተው የቆለፈው ሰው ነው፤ መለዋወጫ ቁልፍ ፎርማን ኪስ ውስጥ ካለ ሥርዓቱ የለም።

«ከየት ልጀምር» ላሉት፦ ከወረቀት አይጀምሩ። ሁለት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ይዘው ከጣውላው ማራገፊያ እስከ ቅቡ ድረስ ሥራው በሚሄድበት መንገድ ይሂዱ፤ በየጣቢያው «እዚህ ሰው የሚጎዳው እንዴት ነው?» ብለው እነሱን ይጠይቁ እንጂ እርስዎ አይመልሱ። የሚሰሙትን በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፉ፦ ሥራው፣ አደጋው፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ፣ አሁን ያለው መከላከያ፣ የጎደለው፣ የሚያሟላው ሰው ስም፣ ቀኑ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ባዶ የሆኑበት ሰንጠረዥ ከዚያ ካስፈረሙት ቅጽ አይሻልም። ሊገድል ወይም አካል ሊያጎድል የሚችለው ይቀድማል፤ መዝጊያው የሚጮኸው ቁምሳጥን ይቆይ። አዲስ ማሽን፣ አዲስ ኬሚካል ወይም አደጋ በመጣ ቁጥር ሰንጠረዡ እንደገና ይታያል። ለጥቂት ስቶ ሰው ሳይጎዳ ለቀረ አደጋም መዝገብ ይኑር፤ እንጨቱ ተወርውሮ ግድግዳ ሲመታ የሚጻፍበት ቤት ውስጥ፣ ሰው ሳይመታ መለያያው ይስተካከላል።

ሥልጠናን በፊርማ ሳይሆን በማሳየት ይመዝኑ። አዲሱ ሰው መከለያውን ራሱ ያስተካክል፣ በትሩን ይዞ ይቁረጥ፣ ማሽኑን ያቁም፤ ፎርማኑ አይቶ «ችሏል» ይበልና ቀኑን ይጻፍ። ከዚያ በፊት ብቻውን ማሽን አይነካም።

ለሠራተኞችዎ በግልጽ ሊነገር የሚገባው አንድ መብትም አለ። ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ሥራውን ትቶ ቢወጣ ሊቀጣ አይገባም፤ አደጋው እስኪስተካከልም ተመለስ ሊባል አይችልም። ይህ በቁጥር 155 አንቀጽ 13 እና 19 ላይ አለ። በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ ሕንፃ ላይ ስንጥቅ የታየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ነበር፤ በሕንፃው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስቀረ፤ የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረጉ፤ ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። እርስዎ ዘንድ «መለያያው የለም፣ አልቆርጥም» የሚል ሰው ሲመጣ አመስግነው ማሽኑን ያቁሙ።

የመጀመሪያ ዕርዳታም ይደራጅ፤ በእያንዳንዱ ፈረቃ የሠለጠነ ሰው፣ የተሟላ ሳጥን፣ ለዓይን ንጹህ የሚፈስ ውሃ። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠባል። የተቆረጠ ጣት በንጹህና እርጥብ ጋዝ ተጠቅልሎ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይታሸግና ፕላስቲኩ በረዶ ባለበት ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ በረዶው ጣቱን በቀጥታ ከነካው ሥጋውን ይገድለዋል። ጉዳተኛው ላይ ደግሞ ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ተጭኖ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ሆስፒታል።

ልጁን አያሰናብቱት። በመከለያ ምክንያት አንድ ሰው ከተባረረ፣ ቀጣዩ መከለያ ሲበላሽ የሚነግርዎት አይኖርም። ከዚያም በላይ ስለዚያ መጋዝ ከማንም የበለጠ የሚያውቀው አሁን እሱ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ ይመለስ፤ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥዎት፤ በዚያ ጊዜ ክፍያው በበር ቁጥር አይታሰብ። ያለ ወቀሳ አስቀምጠው፣ አንድ የሚያምነው የሥራ ባልደረባው አብሮ ባለበት፣ የዚያን ዕለት ሥራ ከጠዋቱ ጀምሮ እንዲተርክልዎ ይጠይቁት፦ ምን እየቆረጠ ነበር፣ ማን አዘዘው፣ ስንት በር ቀርቶት ነበር፣ መከለያው የት ነበር፣ እጁ የት ነበር። የተናገረውን እንደተናገረ ይጻፉ። ወደዚያ መጋዝ መመለስ ካልፈለገ አያስገድዱት፤ መላጊያውም፣ ገጠማውም ሰው ይፈልጋል።